ከስቱኮው ሥር

ያገለገለ መኪና እንዲያይለት ሰው ሲጠራው አባዬ ኪስ ውስጥ ከተበላሸ ስፒከር የወጣች ማግኔት አትጠፋም ነበር። ቀለሙን እንዳትጭር በጨርቅ ይጠቀልላትና ላሜራው ላይ ቀስ አድርጎ ያስኬዳታል። ከያዘች ብረት ነው። ከተንሸራተተች ሥሩ ስቱኮ ነው። ይህን የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ አውቅ ነበር። በ28 ዓመቴ፣ በዲግሪ ኢንጂነር፣ በሥራ ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ሆኜ፣ ጀርመን አገር 9 ሺህ ዩሮ ይዤ ካምፐር ቫን ልገዛ ስሄድ ግን ማግኔት አልያዝኩም። የያዝኩት ስልኬን ነው። ፎቶዋ ደግሞ ያምር ነበር።

ካምፐር ቫን ለማታውቁ፦ አልጋ፣ ምድጃና የዕቃ ማጠቢያ የተገጠመላት ሚኒባስ ማለት ናት። የኔዋ የ1986 ቮልስዋገን ቲ3 ናት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ጣሪያዋ ወደ ላይ ይከፈታል፣ ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ናፍጣ ነው፣ 50 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ዳገት ላይ ብስክሌት ይቀድማታል ብል ብዙ አላጋነንኩም። ሻጩ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። ቡና አፍልተው ሰጡኝ። እኔ ደግሞ ቡና አፍልቶ የሰጠኝን ሰው መጠርጠር አልችልበትም።

ከሦስት ወር በኋላ የቴክኒክ ምርመራ ደረሰ። መርማሪው ትንሽ መዶሻ ይዞ ሥሯ ገባና ከተንሸራታቹ በር በታች ያለውን ደፍ እየመታ ሄደ። ቲን፣ ቲን፣ ቲን፣ ከዚያ ድብ። ካቻቪቴ አውጥቶ ጫን አለው። እስከ እጀታው ገባ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው አጭር ነው፤ ተሸካሚ ክፍሎች ዝገዋል፣ አላለፈችም፣ በአንድ ወር ውስጥ ተጠግና ትምጣ።

ያን ቀን ማታ ሁለት ነገር አሰብኩ። አንደኛው እንደተሸጠችልኝ አድርጌ መሸጥ ነው። በስቱኮ ደፈን፣ ቀለም ቀባ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ፎቶ አነሳ፣ ቡና አፍልቼ ጠብቅ። ሁለተኛው ቆርጦ መሥራት ነው። የመጀመሪያውን ያሰብኩት ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ሁለት ቀን አስቤዋለሁ።

መጀመሪያ ያልገባኝ ነገር ነበር። የዛገው ጎኗ ነው። ጎን ደግሞ ልብስ ነው። ልብስ ተቀደደ ተብሎ ሰው ሞተ ይባላል እንዴ? ያደግኩት በዚህ እምነት ነው። “ሻንሲው ካልተነካ መኪና አልሞተም” ይል ነበር አባዬ። እሱ እጁን የፈታው ኤንትሬ በምንላት የፊያት የጭነት መኪና ላይ ነው። ኤንትሬ ከሥሯ እንደ ድልድይ ወራጅ የሚከብዱ ሁለት ብረቶች አሏት፤ ሞተሩም ጋቢናውም ጭነቱም የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ጋቢናዋ ወንፊት ብትሆን እንኳ ደሴ ደርሳ ትመለሳለች።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች በሙሉ እንደዚያ ነበሩ። ከላይ ያለው አካል በፈረስ ጋሪ ሠሪዎች ሙያ የሚሠራ የእንጨት ቤት ነው፤ ላሜራው እንጨቱ ላይ ይመታል፣ ከዚያ ሻንሲው ላይ ይጫናል። በ1914 መጨረሻ ላይ ፊላደልፊያ ያለው የኤድዋርድ በድ ድርጅት ዶጅ ለተባለው ኩባንያ ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ አካል ማቅረብ ጀመረ። ከጀርባው የነበረው መሐንዲስ ጆሴፍ ሌድቪንካ የሚባል ኦስትሪያዊ ነው። ትርፉ ጥንካሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእንጨት ላይ የሚቀባ ቀለም እስኪደርቅ ሳምንታት ይፈልጋል። ብረት ግን ምድጃ ውስጥ ይገባል፣ በሰዓታት ይወጣል። ፎቅ ሙሉ የሚደርቁ መኪኖች ማስቀመጥ ቀረ ማለት ነው።

ከዚያ አንድ ሰው መጠየቁ አይቀርም፤ ላዩ ይህን ያህል ከጠነከረ ሥር ያለው ሻንሲ ለምን ያስፈልጋል? ጣሊያን ውስጥ ላንቻ በ1922 በላምዳ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ሲትሮየን በ1934 መልስ ሰጡ፤ አያስፈልግም። ቅርፊቱ ራሱ ይሸከም። እንቁላል ውስጡ አጥንት የለውም፣ ግን በቀላሉ አይሰበርም። መኪና ቀለለች፣ ረከሰች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ግን ላሜራ ልብስ መሆኑ ቀርቶ አጥንት ሆነ። የአባዬ አባባል ጊዜው ያለፈበት ያኔ ነው፤ እሱ ገና ሳይወለድ።

ቮልስዋገንም ይህን የተማረው በውድቀት ነው። የቮልፍስቡርግ ፋብሪካ የናዚ ፕሮጀክት ነበር፤ በጦርነቱ ዘመን የግዳጅ ሠራተኞች የጉልበት ቦታ ሆነ፤ በ1945 እንግሊዞች እጅ ገባ። ሻለቃ አይቫን ኸርስት የሚመራው ፋብሪካ ዕቃ ከቦታ ቦታ የሚያመላልስበት ሲያጣ ሠራተኞቹ ከቢትል ዕቃዎች ጠፍጣፋ ጋሪ ሠሩ፤ ሞተር ከኋላ፣ ሾፌሩም ከኋላ ከፍ ብሎ፣ ከፊት መጫኛ። የኔዘርላንዱ መኪና አስመጪ ቤን ፖን ይህን አየ። ሚያዝያ 23 ቀን 1947 ማስታወሻ ደብተሩ ላይ በእስክርቢቶ አንድ ሳጥን ሣለ፤ ሾፌሩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ፣ መሀሉ ለ750 ኪሎ ጭነት። ሥዕሉን ብታዩት የሕፃን ሥራ ይመስላል። የእኔ መኪና አያት ግን እሱ ነው።

በ1949 የመጀመሪያዎቹን ሙከራዎች የሠሩት የሳጥኑን አካል በቢትል ወለል ላይ አስቀምጠው ነው። ወለሉ አልቻለም፤ ከጭነቱ ብዛት ጎበጠ። ስለዚህ ወለሉን ትተው ሳጥኑ ራሱን እንዲሸከም አደረጉት፤ ከሥሩ ቁመታቸውንና አግድማቸውን የሄዱ ማጠናከሪያዎች ከላሜራው ጋር ተበየዱ። ብራውንሽቫይግ ዩኒቨርሲቲ በነፋስ ዋሻ ሲፈትኑትም ግንባሩ ጠፍጣፋ የነበረው ሳጥን ነፋሱን እንደ ግድግዳ ገጨው፤ የመጎተት ልኩ 0.75 ነበር፣ ፊቱን ክብ ሲያደርጉት 0.44 ሆነ። ያ ሁላችንም የምናውቀው የሚስቅ ፊት የመጣው ለማማር አይደለም። መጋቢት 8 ቀን 1950 ምርት ተጀመረ፤ በ1956 ሀኖቨር ራሱን የቻለ ፋብሪካ ተከፈተለት። ቪደንብሩክ ያለው ቬስትፋልያ፣ ከ1844 ጀምሮ የነበረ የጋሪ ድርጅት፣ በ1951 አልጋና ቁምሳጥን ገጠመለት። ካምፐሩ በዚህ መልኩ ተወለደ። ሁለተኛው ትውልድ ብራዚል ውስጥ እስከ 2013 መጨረሻ ይመረት ነበር፤ የገደለውም ዝገት አይደለም፣ ኤርባግና ኤቢኤስ ግዴታ የሚያደርግ ሕግ ነው።

የኔ ቲ3 ሦስተኛው ትውልድ ነው፣ ከ1979 ጀምሮ የተሠራ። ባሕርይዋን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መጋጠሚያዎቿን ነው። የጎኗ ላሜራ አንድ ወጥ አይደለም። ቁርጥራጮቹ ጠርዝ ለጠርዝ ተደራርበው በነጥብ ብየዳ ይያያዛሉ፤ ክፍተቱ ደግሞ ከላይ በማሸጊያ ይሞላል። ማሸጊያው ዕድሜ ሲጠግብ ይደርቃል፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያወጣል። ውሃ ለመግባት ከዚያ በላይ አይፈልግም። ለመውጣት ግን መንገድ የለውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ዝገት ከማውቃቸው ነገሮች ሁሉ ተንኮለኛው ነው። በ1920ዎቹ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ዩሊክ ኢቫንስ የሚባል ሰው ብረት ላይ አንድ ጠብታ የጨው ውሃ አስቀምጦ ተመለከተ። ብረቱ የተበላው አየር በደንብ በሚያገኘው በጠብታው ጠርዝ ሳይሆን አየር በሚያጥረው በመሀሉ ነው። ጠርዙ ኦክስጅኑን ይበላል፤ ሒሳቡን ኤሌክትሮን ሰጥቶ የሚከፍለው መሀሉ ነው። ትንሽ ባትሪ ማለት ነው፣ ራሱን የሚበላ። አሁን ያንን ጠብታ የመኪናዬ መጋጠሚያ ውስጥ አስቡት። ጥልቁ፣ ጠባቡ፣ የማይታየው ቦታ ነው የሚበላው። ዝገቱ ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይፈልጋልና እያበጠ ሁለቱን ላሜራ ይፈለቅቃቸዋል፤ ስንጥቁ ይሰፋል፣ ተጨማሪ ውሃ ይገባል። ላይ ላዩን የምታዩት ቀለሙ ሥር ያለች አንዲት ትንሽ እብጠት ናት።

ጨው ሲጨመርበት ባትሪው ይፈጥናል። ጀርመን በየክረምቱ መንገዷ ላይ ጨው ትበትናለች። አዲስ አበባ ከባሕር ሩቅ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ዝናቡ ቢበዛም ጨው የለም። የ1960ዎቹ ቮልስ ዛሬም ፒያሳ ዳገት ላይ ሲያቃስት የምናየው ለዚህም ነው። (ቀረጡም አለ እንጂ! በ2020 የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ በዕድሜ የገፋ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ እንዲህ ባለ አገር አሮጌ መኪና አይጣልም፣ ይወረሳል።)

የሚያናድደው መድኃኒቱ ጥንት መታወቁ ነው። ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ብረትን በቀለጠ ዚንክ መንከርን ባለቤትነት ያስመዘገበው በ1837 ነው። የጣሪያችን ቆርቆሮ ያ ነው። ዚንኩ ብረቱን ከመሸፈንም አልፎ በብረቱ ፋንታ ይበላል። ፖርሽ 911ን ከ1976 ሞዴል ጀምሮ ዚንክ በተቀባ ላሜራ ሠራ። አውዲ፣ የዚያው የቮልስዋገን ቤተሰብ፣ አውዲ 80ን ሙሉ በሙሉ ዚንክ ያለበሳት በ1986 ነው። የኔዋ በተሠራችበት ዓመት! የጎጆ ጣሪያ ያገኘውን የኔ መኪና አላገኘችም።

ወደ አባዬ ልመለስ። ሙያው ባትላሜራ ነው። ቃሉን ጋራዥ በር ላይ “ባትላሜራና ቀለም” ተብሎ ተጽፎ ስታዩት አማርኛ ይመስላችሁ ይሆናል፤ እኔ ይመስለኝ ነበር። ጣሊያንኛ ነው፤ ላሜራ መቺ ማለት ነው። ፓራፋንጎ ጭቃ መከላከያ ነው። ኮፈን፣ ቡሎን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካቻቪቴ፣ ስቱኮ ሁሉም ከዚያው ናቸው። ከ1936 እስከ 1941 በወረራ የመጡት ጣሊያኖች መንገድና ካሚዮን ይዘው መጡ። ሲሸነፉ ሁሉም አልሄዱም፤ የእጅ ሙያ ያላቸው ብዙዎች ቀሩ፣ ጋራዥ ከፈቱ፣ ልጆች ተቀብለው አሠሩ። አባዬን ያስተማረው ሰው ከጣሊያን የተማረ ነው። በመርዝ ጋዝ የመጣ ወራሪ የተወልን ቋንቋ የመጠገን ቋንቋ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ምን እንደምሰማም አላውቅም።

ትምህርት ቤት ፎርም ላይ “የአባት ሥራ” የሚለው ቦታ ላይ እኔ ነጋዴ ብዬ ነበር የምሞላው። ከአምስተኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ። እጁ ዘይት ነበር፣ ጥፍሩ ጥቁር። ከመዶሻው የተነሳ ግራ ጆሮው አይሰማም፤ ወላጆች ስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ ሲያወራ መሬት ብትከፈት እመኝ ነበር። ኢንጂነሪንግ ስገባ የደስ ደስ በግ አረደ። “አንተ ብረትን በወረቀት ነው የምትመታው” አለኝ። ከዚያ ወረቀቱም ቀርቶ ኪቦርድ ሆነ።

ከምርመራው በኋላ በቪዲዮ ደወልኩለት። ደፉን አሳየሁት። ዝም ብሎ አየ።

“ማግኔት አልያዝክም?”

“አልያዝኩም አባዬ።”

“ሻንሲ አላት?”

“የላትም። ሁሉም አንድ ላይ ነው።”

“እንደ ሰይቼንቶ ነቻ” አለ። ፊያት 600 ማለቱ ነው፤ ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባችው የድሮ የአዲስ አበባ ታክሲ። እኔ እኮ ስለ በድ፣ ስለ ላንቻ፣ ስለ ቅርፊትና እንቁላል ለአንድ ሳምንት ሳነብ ሰንብቼ ላስረዳው ተዘጋጅቼ ነበር። “ሰይቼንቶ ወለሏ ሲበሰብስ መጀመሪያ የሚነግርህ በሩ ነው፤ አልዘጋም ይላል። አሁን በሩ ይዘጋል?” ይዘጋል። “እንግዲያው ከመቁረጥህ በፊት የበሩን ክፍት ቦታ በወፍራም ብረት አግድምና ሽቅብ ወጥረው፤ በያው፣ በኋላ ትቆርጠዋለህ። ሳትወጥር ደፉን ከቆረጥክ መኪናዋ ትቀመጣለች፣ ከዚያ ጌታ ቢመጣ በሩን አይዘጋውም።” ኋላ ላይ የጥገና መጽሐፍ ውስጥ ይህንኑ ምክር አገኘሁት፣ በብዙ ገጽ።

ሀኖቨር ውስጥ ቦታና መሣሪያ በሰዓት የሚያከራይ ጋራዥ አለ፤ ቅዳሜና እሑድ እዚያ ዋልኩ። ደፉን በግራይንደር ስከፍተው ሦስት ሰው አገኘሁ። ከላይ ያለው የቅርቡ ነው፤ አንድ ጣት የሚሆን ስቱኮ፣ ሥሩ ደግሞ የበርና የመስኮት ክፍተት የሚሞላበት ቢጫ ፎም፣ ውሃ ጠጥቶ የከበደ። አረፋውን ስጠርግ ከሥሩ የሌላ ሰው ሥራ ወጣ፤ በልክ የተቆረጠ፣ ጠርዙ የታጠፈ፣ በጥንቃቄ የተበየደ ጥሩ ላሜራ። ከሥሩ የፋብሪካው፣ ነጥቦቹ እኩል የተራራቁ። መካከለኛውን ሰው ማወቅ እፈልግ ነበር። የሠራው ማንም በማያይበት ቦታ ነው፣ ግን ጠርዙን ሞርዶታል።

ማታ ፎቶውን ላክሁለትና ደወልኩ። ስለ ፎሙ ስቄ አወራሁ፤ ሻጩን ሌባ አልኩ። አባዬ አልሳቀም።

“እኔም አድርጌዋለሁ” አለ።

አንድ ባለ ሰይቼንቶ ወለሏ በስብሶ አመጣት። ለላሜራ የሚሆን ብር የለውም፤ ያለው ለስቱኮና ለቀለም ብቻ ነው። አባዬ ማዳበሪያ ጆንያ ሙጫ ነክሮ ጠቀጠቀበት፣ ስቱኮ ደፈነ፣ ቀባ። “ለራሱ መስሎኝ ነበር” አለ። ሰውየው በሳምንቱ ሸጣት። ክረምት ሲገባ የገዛት ሰው በሩን በገመድ አስሮ ወደዚያው ጋራዥ መጣ፤ ማን እንደሠራት አያውቅም፣ ሰው ጥሩ ባለሙያ አለ ብሎት ነው የመጣው። ሚስቱ ከኋላ ልጅ ታቅፋ ተቀምጣለች፣ እግሯን ወደ ላይ ሰብስባ፤ ወለሉ በዚያ በኩል የለም።

“ነገርከው?”

“አልነገርኩትም። በላሜራው ዋጋ ብቻ ሠራሁለት። መረቀኝ።” ትንሽ ቆየ። “ማግኔቷን መያዝ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።”

ምን እንደምለው አላወቅኩም። ስለ ነጋዴው ፎርም ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እሱም ቀረ።

ሥራው አምስት ወር ፈጀ፤ የአንድ ወሩ ቀነ ገደብ አልፎ ምርመራውን እንደገና ሙሉ ከፈልኩ። ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙ የማይበልጥ ላሜራ መበየድ ትዕግሥት ነው። አንድ ነጥብ እዚህ፣ አንድ ነጥብ አንድ ክንድ ርቆ፣ እስኪበርድ ጠብቆ ሌላ። ቀጥ አድርጌ ልስፋው ያልኩበት ቦታ እንደ ድንች ጥብስ ተጣመመ፤ ቆርጬ ጣልኩት። የፋብሪካው ነጥብ ብየዳ ባለበት ላይ የላይኛውን ላሜራ በስቶ ቀዳዳውን በብየዳ መሙላት ነው። ከዚያ ዚንክ ያለበት ቀለም፣ ማሸጊያ፣ በመጨረሻ ሳጥኑ ውስጥ የሚረጭ ሰም። አጠገቤ ጡረታ የወጣ የቮልስዋገን ሠራተኛ የራሱን መኪና ይሠራ ነበር፤ አባቱ ፋብሪካው ከ1962 ጀምሮ ጣሊያኖችን በብዛት ሲቀጥር ከመጡት አንዱ ናቸው። አባቴ ባትላሜራ ነው አልኩት። ቃሉን አስደገመኝ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ መዶሻውን አበደረኝ፤ እስከዚያ ድረስ ሲከለክለኝ ነበር።

ፎርም አልነበረም። ማንም አልጠየቀኝም።

ምርመራውን አለፈች። አሁን የቀረው በግራ በኩል፣ ከምድጃው ጀርባ ያለው ቋሚ መጋጠሚያ ነው፤ መርማሪው አልነካውም፣ ቀለሙ ላይ ግን የሽምብራ ፍሬ የምታህል እብጠት አለች። ባለፈው እሑድ ለአባዬ አሳየሁት። ስልኩን አስጠጋ አለኝ። አስጠጋሁ። አይታይም አለ፤ መነጽሩን አድርጎ፣ አውልቆ፣ እንደገና አድርጎ። ከዚያ ስልኩን ወደ ቀኝ ጆሮው ሲያዞር አየሁት፤ ስክሪኑ ላይ የቀረኝ ሽበቱና የጆሮው ጫፍ ነው።

“ምታው” አለ።

በጣቴ አጥንት መታሁት።

“ትንሽ ወደ ታች።”

መታሁ።

“ድገመው።”